ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ዐሥራ አንድ ገጽ ቅጽ፤ የቀረን አንድ ሌሊት፤
ከዚራ መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተር ባለበት
በሸኩር ፎቶ ኮፒ ቤት
ተጠጋግተናል ሦስት ሰው፣ በአንድ ኮምፒውተር ፊት።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጣቴ ፊደል ይለቅማል፤
የኢፍቱን ደብተር ጠርዝ ላቧ አርሶታል፤
ረምዚ ገንዘብ ያዣችን የብስኩት ጣሳ አቅፏል፤
የሦስት ዓመት ደረሰኝ፣ የወንፊት፣ የመርፌ፣ የክር፣
ኦዲተሩ ያቃሰተበት፣ ኋላም የሣቀበት ነገር።
ግን ሳንቲም አልጎደለም። ረምዚ ደጋግሞ፣
«ይህችን አስገባ» ይላል፣ ከኋላዬ ቆሞ።

«ማን ናችሁ?» ይላል ቅጹ። ፈቃዳችንን አያያዝን፤
የወረዳውን ደብዳቤም፣ ሦስቴ ተመላልሰን
ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዶ፣ በአራተኛው ያገኘነውን።

«ችግሩን ይግለጹ፣ ከሁለት መቶ ቃል ሳያልፉ።»
ኢፍቱ ሣቀች። «ቃል ቆጥረው ነው የሚያተርፉ?
ጻፍ፤ ቧንቧው በዐሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል፤
ሰው በበርሜል ያጠራቅማል፤
ክዳን የሌለው በርሜል ቢምቢ ይፈለፍላል፤
ቢምቢዋ ቀን ነው የምትነክስ፣ የማታ አጎበር ምን ያደርጋል?
ከዚያ ትኩሳት፤ ወገብ የሚያጎብጥ፣ ጉልበት የሚፈታ፣
ጎረምሳውን የሚያስረጅ ከጠዋት እስከ ማታ።
አምና ገንደ ቆሬ፣ በአንድ ግቢ ዘጠኝ ሰው ተኝቶ፣
ውኃ የሚያቀብል ጠፍቶ...»
እዚያ ላይ አቆመች። ገና ስልሳ ቃል ተርፎን ነበር፤
ነጥብ አደረግንበት።

ስድስተኛው ጥያቄ፦ «ተጠቃሚዎች ስንት ናቸው?»
አንድ አማካሪ በስልክ፣ «አርባ ሺህ በሏቸው፤
ትንሽ ቁጥር አይታይም፤ ሚዛን ላይ ቀላል ነው፤
ቀበሌውን ሙሉ ደምሩት፣ ማን ሊቆጥረው?»
ብሎን ነበር።

ኢፍቱ ደብተሯን ገለጠች፤ የተጻፈው ቤት በቤት፦
የእነሻምሲያ፣ ሁለት በርሜል፣ አንዱ ዝገት የበላበት፤
የባሻ ጌጡ ግቢ፣ ሮቶ፣ ስንጥቁ በላስቲክ የተደፈነበት፤
የእነጉሌድ፣ ድሮ የናፍጣ፣ ዛሬ ሕፃን የሚታጠብበት፤
በእርሳስ፣ በእግር ተሄዶ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

ምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ጭነት ስመዘግብ ኖሬ፣
ያልተጫነ ጆንያ አልጻፍኩም፤ ምን ልጻፍ ታዲያ ዛሬ?
ባቡሩ ጅቡቲ ሲደርስ፣ ጆንያው ይቆጠራል፤
ከማን እጅ እንደጎደለ ወረቀቱ ይናገራል።

ጻፍኩት። ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።
ሣጥኑ ሰፊ ነው፤ ሦስት አኃዝ አነሰበት።
ረምዚ ምንም አላለም፤ ጣሳውን ወደ ጭኑ ሳበ፤
ስድስት ወር ያለ ደመወዝ፤ ምናልባት ያንን አሰበ።

የመጨረሻው፦ «ገንዘባችን ሲያበቃ ምን ይቀራል?»
ለቀስተኛም እንዲህ አይጠይቅ፤ ሰው ሲሞት እንኳ ይታፈራል።
«ዘላቂነት» የሚል ቃል ያለበት፣ ያማረ መልስ ነበረኝ፤
ሥልጠና ላይ የጻፍኩት፤ ኢፍቱ ግን ከለከለችኝ።
«ሐሙስ ሻምሲያ ዘንድ ሄጄ፣ ያልሰጠኋትን ክዳን አየሁ፤
ከአሮጌ ሻሽ፣ ከባጃጅ ከመነዳሪ ቆርጣ፣
ለጎረቤትም ሁለት ሠርታ፤
«ማን አሳየሽ?» ብላት፣ «ምኑ ነው የሚያሳየው?» አለችኝ ተቆጥታ።»
ይህንኑ ጻፍኩ፤ ቁጣዋንም ጭምር።

ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ፤ ኔትወርኩ አንድ ሰረዝ፤
ክቧ ስትዞር፣ ስትቆም፣ እንደገና ስትጓዝ፣
ሸኩር «ነዳጁ አለቀ» ሲል፣ እኛ ትንፋሽ ስንይዝ፣
«ደርሶናል» አለ። አንድ ቃል። ያለ ስም፣ ያለ ሰላምታ።

በደቻቱ አሸዋ ተሻገርን፤ ባጃጅ የለም በዚያ ሰዓት፤
ሌሊቱም አልበረደለትም የቀኑ ትኩሳት።
መልሱ በሁለት ወር ይመጣል፤ ላይመጣም ይችላል።
ኢፍቱ ከአንድ አጥር ሥር ቆመች፤
ክፍት በርሜል አየች።
እጇን አሾልካ፣ የወደቀውን ክዳን መለሰችና፣
«ይህ እኔ ጋ የለም» አለች፣ ደብተሯን አወጣችና።
እርሳሱ ሸኩር ቤት ቀርቷል። ቅጹም ሄዷል።
በጨለማው፣ ገጹን በጣቷ ፈልጋ፣
በጥፍሯ አንድ መስመር ጫረች።