የሰባት ጅራት

ሞጣ፣ ከገበያው በላይ፣ መስኮቴ ወደ ምሥራቅ ያያል፤
ወርቅ የሚታየው ማለዳ ነው፤ ከረፈደ ብርሃን ያታልላል።
ወይዘሮ ደጊቱ መጡ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፤
አንዲት የወርቅ መሐለቅ አወጡ፣ ቋጠሮውን በጥርስ ፈትተው።
«ባሕር ዳር ያለው ነጋዴ ዓመቷን ነው አሉ የሚያይ፤
መጨረሻዋ ሰባት ከሆነ የቤት ዋጋ ያኖራል ከእጄ ላይ፤
ዘጠኝ ከሆነ ግን እንደ ማንም ወርቅ በግራም ይመዝናል።
አንተ እይልኝ፤ የአንተ ዓይን ይበቃኛል።»

ደንብ አለኝ፤ መጀመሪያ ክብደት።
ሚዛኑ ላይ አኖርኋት፤ አልጎደለችም አንዲት ቅንጣት።
ከድንጋይ ላይ ጣል አረግኋት፣ ጆሮዬን ዝቅ አርጌ፤
ድምፅዋ ጥሩ፤ እንከን አላገኘሁባት ፈልጌ።
ወርቁ ወርቅ ነው። እሱ አይዋሽም።
ዓመት ግን ሌላ ነው፤ በመፈተኛ ድንጋይ አትደርስበትም።

አጉሊ መነጽሬን ከዓይኔ ገጥሜ ወደ መስኮቱ አዘነበልኋት፤
ፊት ለፊት ያየ ይሳሳታል፤ ከጎን ነው የሚያይዋት።
አሥሩና ስምንቱ፣ መቶውና ሰማንያው
ደክመዋል፤ የሦስት ሴቶች የአንገት ላብ ነው የበላው።
ከላይ ከታች የተሰመረው መስመራቸው
እንደ አሮጌ ደፍ ጎድጉዷል ከመካከላቸው።
የመጨረሻው ሰባት ብቻ ስለት አለው፤
ማኅሌቱ ካለቀ ገብቶ «አብሬ ቆሜ አደርሁ» እንደሚል ሰው።
እግሩ ሥር ወርቁ ሰርጉዷል፤ ጣት የተጫነው ሊጥ ይመስላል፤
የፋቀ ጉድጓድ ይተዋል፤ የለጠፈ ጉብታ ያበቅላል።

ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ
ጅራቱን አየሁት፤ ቀረሁ ተገትቼ።
ወደ ግራ ሸሽቶ፣ መጨረሻው ላይ ብድግ የሚል ጭረት፤
ግራኝ ሰው ነው መቅረጫውን እንዲያ ያነሣበት።

መቅረጫው ዛሬም ከግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤
እጀታው ለእኔ አይመችም፤ በግራ መዳፍ ተበልቷል።
አባቴ አንማው፣ ሲሞት፣ «ሚዛን አታዛባ» ብሎኝ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ቃል ነበር ያኮራኝ።

«ምን አየህ?» አሉ ደጊቱ፣ ፊቴን ሲያነቡ ቆይተው።
«ወርቁ እውነት ነው፤ ዓመቱ ነው...» አልሁ፣ የቀረው ጉሮሮዬን ይዞት ነው።
ሳቁ። አልከፋቸውም።
«እናቴ ናት ያሠራችው፤ እኔም ልጅ ነበርሁ፣ አልረሳሁትም።
አንድ የግሪክ ነጋዴ «ሰባት ከሆነ እገዛለሁ» ቢላት፣
ሁለት ቁና ጤፍ ለአባትህ ከፈለችለት።
ነጋዴው በዚያው ክረምት ቀረ፤ ጤፉን ግን እናንተ በላችሁት።
አባትህ ሲሸኛት እንዲህ አላት፦
‹ይህን የሚያይ አይወለድም፤
ምናልባት ልጄ፣ ዓይን ካወጣ። እሱም አይናገርም።›»

ወረቀት ሳብሁ። ስም ጻፍሁ፣ ክብደት ጻፍሁ፣ ጥራት ጻፍሁ፤
«ዓመት» ከሚለው ፊት ባዶ ትቼ ማኅተሜን መታሁ።
አጣጥፈው ያዙት። ቢያነቡት ባያነቡት አላውቅም።

ሲወጡ ከምስማሩ መቅረጫውን አወረድሁ፤ ማንም አላየኝም፤
ብጣሽ መዳብ ላይ በግራ እጄ ሞከርሁ፤
ሰባት አልወጣልኝም።