ባዶው ጥግ

ሙሐረቅ ሌሊት ነው። ሊፍቱ እንኳ ተኝቷል፤
በባሕሩ ወበቅ መስታወቱን አልቦታል።
ተንበርክኬያለሁ፣ ነጩ ሴራሚክ ላይ፤
ካሜራው ሊል ይችላል፦ «ይሰግዳል ወይ?»
አይደለም። የበላሁትን የቴምር ፍሬ
በየካሬው እዘራለሁ፣ ቆጥሬ ቆጥሬ።

ሕጉን ጅማ ነው የተማርኩት፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፤
ያኔ የሂሳብ ክፍል ነበርኩ፣
አሁን የጥበቃ ክፍል ነኝ።

ጎረቤት ያጣ ይሞታል። አንድ ብቻ ያለውም ይሞታል።
ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፦
ሁለት ያለው ይኖራል፣ ሦስት ያለው ይኖራል፤
አራት ከሞላ ግን፣ ታፍኖ ያልቃል።
ባዶ ካሬም
ሦስት ሲከቡት፣ ልክ ሦስት፣ እንደ ጉልቻ፣
ሕይወት ይጫርበታል፤ ያለ እናት፣ በቁጥር ብቻ።

የበተንኩት አብዛኛው ይጠፋል።
ሁለት ፍሬ ጎን ለጎን፦ በአንድ እርምጃ ወሬያቸው የለም።
ሦስት በአንድ መስመር፦ ይቆማሉ፣ ይጋደማሉ፣
እንደ ፈረቃ ሠራተኛ፣ እንደገና ይቆማሉ።
አምስት አሉ ደግሞ፣ በሰያፍ የሚሄዱ፣
በአራት እርምጃ አንድ ካሬ፣ ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ፤
የሶፋው እግር ጋ ሲደርሱ እሰበስባቸዋለሁ።
ፓስፖርታቸው እኔ ጋ ነው።

አራቱ ግን፣
ሁለት በሁለት የተገጠሙት፣
እያንዳንዱ ሦስት ጎረቤት ያለው፣
ሺህ ጊዜ ብቆጥር አይጨምሩም፣ አይቀንሱም፣
አይሄዱም፣ አይታመሙም።

እንደ ክፍላችን።
ሁለት አልጋ ከታች፣ ሁለት አልጋ ከላይ፤
እኔ፣ ቢሽኑ የኔፓሉ፣ ፋሩክ የሲልሄቱ፣
ጥጉ ላይ የወራቤው ሸረፋ፣
በእንቅልፉ የሚያፏጭ።
አንድ ሩዝ ማብሰያ። አንድ ቻርጀር፣ በተራ።

በሰኔ ቪዛውን ሰረዙት። ሦስት ሰዓት ሰጡት።
ሳሙናውን በክር ለሁለት ቆርጦ
ግማሹን ትቶልኝ ሄደ።

ዛሬ ከአራቱ አንዱን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።
ሦስት ቀሩ፣ ባዶ ጥግም።
ቆጠርኩ፤ ጥጉ ስንት ጎረቤት አለው?
ሦስት።
ልክ ሦስት።
ሕግ ነውና ከጎድጓዳ ሳህኑ ሌላ ፍሬ አወጣሁ፤
ቅርጹ ምንም አልጎደለው።

እኛም ጋ እንዲሁ ነበር። በማግስቱ ማለዳ
የአየር መንገዱ ወረቀት ከሻንጣው ሳይፈታ
አንድ ልጅ ገባ።
ፍራሹ የሸረፋን ስርጉድ ይዞ ነበር፤
ልጁ ስርጉዱ ውስጥ ተኛ።
ተቆጣጣሪው ከበር ቆሞ ቆጠረ፦ አራት።
ጻፈ፣ ሄደ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ።
ወጡማ ያው ነው፤ ማን ስለ ወጡ ጠየቀ?
እኔ የምጠይቀው ስለ ድንጋዩ ነው።

ሊነጋ ነው። ሱባሺኒ ባልዲዋን እየገፋች መጣች፤
«ደግሞ ቆሻሻ!» አለችኝ፣ በአረብኛ፣ እየሳቀች።
ፍሬዎቹን ለቀምኩላት።
ኪሴ ውስጥ አንድ አለ፤ ከእነዚያ ጋር አልቀላቅለውም።
ሳላየው፣ በጣቴ አውቀዋለሁ፦
ጫፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለው።