በቀዳዳው በኩል

ስድስት ሳምንት ሰጡን፣ ለአራት መቶ ዓመት።
በጣቴ ቆጠርኩት፣
ቅዳሜና እሑዱን፣ የመብራቱን መጥፊያ ሳልጨምርበት፣
በቀን አሥራ ሦስት ዓመት።
ጠዋት የነገሠ፣ ለሻይ ስንወጣ ሞቶ ተቀበረ፤
ከሰዓት በኋላ ልጁም አልነበረ።

እኔ የሊሙው አስተማሪ፣
ያንኑ አንድ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳስገለብጥ የኖርኩ፣
ሃምሳ ሊሞላኝ ሁለት ሲቀረው ደብተር ገዝቼ ተመዘገብኩ።
የጅማ ጭቃ አንድ ጫማዬን በልቶ፣ ባጃጁ አልገባም ብሎኝ፣
ሱሪዬን ሰብስቤ ስደርስ፣
ጥበቃው «አባት፣ ልጅ ሊጠይቁ ነው?» አለኝ።
«ተማሪ ነኝ» ብለው፣ መታወቂያዬን ሁለቴ አየልኝ።

ቆርቆሮው ላይ ሐምሌ ሲወርድ
የመምህርት እቴነሽ ድምፅ ይሰጥማል፤
ከንፈሯን እያየን እንጽፋለን፣
ግማሹ ይቀራል፣ ግማሹ ይዛባል።
(ታሪክስ ድሮ እንዴት የተጻፈ ይመስላችኋል?)

መብራት ሄዶ ፕሮጀክተሩ ሲሞት ፎቶ ኮፒ ታድለናለች፤
ዓይኑ ከፊቱ የሰፋ ቅዱስ፣ ጥቁርና ነጭ፤
ቀለሙን በቃል ትነግረናለች፦
«እዚህ ጋ ቀይ ነው። ይኼ ጥቁር የመሰላችሁ ሰማያዊ።
ሳይደርቅ ነክቶታል ሠዓሊው፤ አውራ ጣቱ ይኸው።»
ዘይኑ አባ ጊዲ፣ የጌራው፣ አውራ ጣቱን አውጥቶ ለካው።
«ይኼ ሰውዬ» አለ፣ «ያርስም ነበር።»

አንድ ቀን ስለ ብራና ነገረችን።
ፍየሉ በሕይወት ሳለ እሾህ የወጋው ቦታ
ቆዳው ሲወጠር ይሰፋል፣ ቀዳዳ ይሆናል።
ጸሐፊው አይደፍነውም።
ይዞረዋል።
አንዱን ቃል ሰንጥቆ፣ ግማሹን ከወዲህ ግማሹን ከወዲያ፣
ድንጋይ እንዳገኘ የአዌቱ ውኃ ተከፍሎ ይገናኛል ከዚያ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
የማስገለብጠውን ገጽ አሰብኩት፦
እናርያ፣ ግማሽ መስመር። ወርቅ ገበረች። አራት ነጥብ።
ዳሞት፣ ስሙ ብቻ።
«ዘይኑ» አልኩት በጨለማ፣ አልጋው ከበላዬ ነው፣
«እኛ ያቺ ቀዳዳ ነን መሰለኝ።»
ዝም አለ። ተኝቷል ብዬ ሳበቃ፦
«በቀዳዳ በኩል ግን የሚቀጥለው ገጽ ይታያል» አለኝ።
«አያቴ በዐረብ ፊደል፣ በኦሮምኛ የጻፉት ኪታብ አለን፣ አይጥ የበላው፤
በተበላው በኩል ከሥሩ ካለው ገጽ አንድ ቃል ብቅ ይላል።
ልጅ ሳለሁ አብሬ አነበው ነበር።
አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩ ይሠምራል።
አንዳንዴማ ያምራል።»

መደበኛዎቹ ለክረምት የለቀቁልን ክፍል
ግድግዳው በእስክሪብቶ ተሞልቷል፦
«ፊዚክስ ፈጀኝ።»
«ጫልቱ እወድሻለሁ» (ተሰርዟል)።
«ከኔ በኋላ የምትተኛ ሆይ፣ ቁንጫ አለ፣ ተጠንቀቅ።»
እቴነሽ ይህን ኅዳግ ትለዋለች፤
እጁ የዛለ ጸሐፊ ጥግ ላይ የሚጽፈውን፦
ጨረስኩ፣ በረደኝ፣ የምታነቡ ጸልዩልኝ።

ፈተናው መጣ፦ «የዘመኑን ሥነ ጽሑፍ በአጭሩ አብራራ።»
በአጭሩ!
ደወሉ ቃል መሃል ላይ ያዘኝ።

ዛሬ ፎቶ ኮፒዎቼን በፌስታል ቋጥሬ፣
አልጋው ላይ ቆሜ፣ ባዶ ጥግ ፈልጌ፣ እንደ ሌባ ጻፍኩ፦
«የሊሙው ደጀኔ እዚህ ተኛ። አራት መቶ ዓመት ተማረ፣
ግማሹን ዝናብ ወሰደበት። የቀረውን ለከርሞ።»
ስሜ ላይ ስደርስ የተነቀለ ሚስማር ቀዳዳ ገጥሞኝ ነበር፤
«ደጀ» ከወዲህ፣
«ኔ» ከወዲያ።
ዘይኑ ከደጅ ይጣራል፣ መኪናው ሊሞላ ነው።