ግማሹ የት ላይ ነው?

ሃያ ዓመት ሙሉ መስኮት ለካሁ እኔ፣
በካርዲፍ ጎዳና፣ በእርሳስና በዓይኔ።
የቤቶቹ ግንባር ትከሻ ለትከሻ፣
ግቢ የለም፣ አጥር የለም፣ ከሰው ዓይን መሸሻ፤
በሩን የተሻገረ መንገድ ላይ ይቆማል፣
መንገድ ላይ የቆመ ሳሎን ይገመግማል።

ኤሉኔድ ጠራችኝ አንድ ማክሰኞ ጧት፤
ሜትሬን በኪሴ፣ ዝናቡን ቀድሜ መጣሁላት።
ከመስኮቷ ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ፣
ወረፋው አይጠፋም ከጠዋት እስከ ማታ፤
ስልኩ የሞተበት፣ አውቶቡስ የቀረበት፣
ዓይኑን የሚጥልበት አጥቶ ይጥላል እሷ ቤት።

«ዓይነ ርግብ ነበረኝ» አለች፣ «ነጭ ስስ መጋረጃ፤
ቀን ቀን ይሸፍናል፤ መብራት ሲበራ ግን ለገመናዬ ማስረጃ።
ወፍራሙን ሰቀልሁ፣ ቤቴ ጉድጓድ ሆነ፣
በጠራራ ፀሐይ ልቤ መነመነ።»

«ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ?» አልኳት እንደ ልማዴ፤
«ግማሹ የት ላይ ነው?» አለች። አለቀብኝ ዘዴ።

ሙያው የሚለውን እኔም አውቀዋለሁ፤
መስኮቱ አግዳሚ አለው፣ በሱ ልክ እቆርጣለሁ፤
ከውጭ ለሚያየው መስመሩ እንዳይሰበር፣
እንጨት በእንጨት ላይ ያርፋል፣ ድንበር በድንበር።
ይህ ግን የአላፊ አግዳሚ እንጂ የእሷ ልክ አልነበር።

«ቁጭ በይ» አልኳት፣ «ሁልጊዜ በምትቀመጪበት።»
ፊቷ ቀላ። ቀስ አለች። ጠረጴዛው ላይ ሳሕንና ማንኪያ ነበረበት።
ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል እንደ እንግዳ፤
በጥር አንድ ሌሊት ነው፣ ደም ሥር ተዘግቶ፣ የመጣባት ፍዳ።
ግራው ማንኪያ ይማራል በስድሳ ስምንት ዓመቱ፤
ሾርባው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል ከነሙቀቱ።

«ሠላሳ ዓመት ያህል አውቶቡስ ነዳሁ» አለች፣
«ይህች እጅ መሪ ይዛ ከተማውን አዞረች።
ፌርማታው ላይ ያሉት ያውቁኛል በስሜ።
ሾርባ ሲፈስ አይዩ፤ ብርሃን ግን ይግባ፣ አልኖርም ጨልሜ።»

ካርቶን ቆርጬ መስኮቱ ላይ አቆምሁ፤
ወጣሁ ወደ መንገድ፣ ከወረፋው መሐል ሆኜ አየሁ፤
ፀጉሯ። ግንባሯ። ሲነሣ፣ የማንኪያው ጫፉ።
ሁለት ጣት ከፍ አደረግሁት፤ አግዳሚውን አለፈ አፋፉ።
መስመሩ ተሰበረ። ሙያዬ አጉረመረመ።
እርሳሴ ግን እዚያው፣ ከጆሮዋ በላይ፣ ፈረመ።

ነጭ ርብራብ ገጠምሁ፣ የሚገላበጥ በጣት፤
ታች ገመናዋ ተኛ፣ ላይ ሰማይ ገባላት፤
የባሕር ወፍ ክንፍ፣ ጭስ ማውጫ፣ የአውቶቡስ ጣሪያ፣
ባለቤት የሌለው ባርኔጣ ሲያልፍ ወደ ገበያ።

በወሩ ደወለች፤ ማጠፊያው ላልቶ ነበር።
ብሎኑን ሳጠብቅ አጫወተችኝ አንድ ነገር፦

ጎረቤቷ ቱዱር፣ ልጁን ማብሊን ትከሻው ላይ ጭኖ፣
ቆሟል ፌርማታው ላይ፣ ቅዳሜ ነው፣ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ።
ትከሻ ላይ ያለን ሰው ማን ለክቶ ያውቃል?
ከመከለያው በላይ አንድ ፊት ብቅ ይላል፤
አይስክሬም አገጯ ላይ፣ በአባቷ ፀጉር ላይ ሳይቀር፣
በግራ እጇ ማንኪያ፣ ወደ አፏ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚቀር።

ኤሉኔድ ደነገጠች። ሾርባው ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ።
ልጅቱ ማንኪያዋን አነሣች። የዚህችኛዋም ማንኪያ ሰላምታ መለሰ።

«አራት ጣት ልቀጥል?» አልኳት ሜትሬን መዝዤ፤
«ተወው» አለችኝ። ወጣሁ ሳጥኔን ይዤ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወረፋው ውስጥ ገባሁ፣
አውቶቡሱ እስኪመጣ ሽቅብ ሽቅብ አየሁ፦
ከርብራቡ በላይ፣ ጣሪያዋ ላይ፣ ከማንኪያዋ የወጣ
የብርሃን ቁራጭ፣ እየሄደ፣ እየቀረ፣ እየመጣ።