አረንጓዴው ሊጥ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሌሊት ፈረቃ
ወጥቼ ስመጣ፣ ብሩክስ ሳትነቃ፣
ሐመልማል ልጄን በካፖርት ጠቅልዬ፣
ከነእንቅልፏ አዝዬ፣
ሚስ ማሪሴል በር ላይ እቆማለሁ፣ «አረፈድን?» ብዬ።
ወንበሮቹ ሁሉ የስድስት ዓመት ልክ፤
እታጠፋለሁ፣ ጉልበቴ ከአገጬ እስኪታከክ።

መጀመሪያ ወረቀት ነበር፣ ከመምህሯ የመጣ፦
መቀስ አትይዝም።
ቁልፍ አትቆልፍም።
የተወረወረላትን ኳስ አትቀልብም።
በአንድ እግሯ አትቆምም።
እናቷ አነበበች፤ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩኝ፤
ደግሜ ሳነበው አራት «አት» ቆጠርኩኝ።
ይህች ልጅ አይደለች፣ መስኮቱን ተጠግታ፣
የጭነት ባቡሩን ፉርጎ በፉርጎ ቆጥራ የምትረታ፣
መቶ አሥራ ሁለቱን አንድ እንኳ ሳትስታ?

ሚስ ማሪሴል ከእኛ አንዲት ቃል ተውሳለች፤
በፊሊፒንስ ቅላጼ «ጌና! ጌና!» ትላለች።
«ጭንቅላቷ ያውቃል፤ ጣቷም አልሰነፈም፤
በመሃላቸው ያለው መንገድ ግን ገና አልተረገጠም፤
ሌሊት በረዶ የወረደበት ሜዳ ነው፣ ዱካ የለውም።
ስንት ጊዜ ቢሄዱበት መንገድ ይሆናል? አላውቅም።
እንሄድበታለን።»

ከቆርቆሮ አውጥታ አረንጓዴ ሊጥ ሰጠቻት፤
ዶቃ ቀብራበታለች፤ «ፈልጊ» አለቻት።
ሐመልማል ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣
ቆንጥጣ፣ ጎትታ፣
ተቆጥታ፣ ትታ፣ ተመልሳ፣ ታግላ፣
አንዲት ቀይ ዶቃ አወጣች፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ።
በሩብ ሰዓት እኔ፣ ከሰንሰለቱ ስር፣
ሁለት መቶ ጊዜ ቢላ እሰነዝር ነበር።

ስለ እኔ እጅ ማንም አልጠየቀኝ።
አሥራ አንድ ዓመት ያው ሥጋ፣ ያው ቢላ፣ ያው ብርድ፤
ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር፣ የቱ ጅማት በየት እንደሚሄድ።
ዛሬ ግን ሌሊት ሌሊት አውራ ጣቴ ይተኛል፤
ሌባ ጣት ይከተላል፤
የሌላ ሰው እጅ ታቅፌ ያደርኩ ይመስለኛል።
ማንኪያ ያመልጠኛል።
ለሚስቴ አልነገርኳትም። ሳህን ስሰብር
«ሳሙናው ነው» ማለት ይቀለኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ቀይዋ ዶቃ ወደቀች፤
ከወንበሬ እግር ስር ተንከባላ ሄደች።
ጎንበስ ብዬ ላነሳት ሞከርኩ። ደግሜ ሞከርኩ።
ወለሉን የምቧጥጥ መሰልኩ።
ሚስ ማሪሴል አየች፤ ምንም አልተናገረች፤
ሊጡን ለሁለት ቆረሰች፣
ግማሹን ከፊቴ አስቀመጠች።

እንዲህ ከረምን ጎን ለጎን፤
እሷ ዶቃ ስትፈለቅቅ፣ እኔ ጭብጤን ስዘጋ ስከፍት፣
ማናችንም ማንንም ሳንቀድም።
መጋቢት ላይ፣ በረዶው ጭቃ መሆን ሲጀምር፣
ሐመልማል የጠረጴዛውን ጠርዝ ለቀቀች፤
ባንድ እግሯ ቆመች፤
ተወዛወዘች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቆጠረች።
«ወፌ ቆመች!» ብዬ ጮኽኩ፣ ለአንድ ዓመት ሕፃን የሚባለውን፣
ስድስት ዓመት ተኩል የሞላትን።
አፈረች። እግሯን ግን አላወረደችም።
ሰባት ላይ ወደቀች።

ትናንት ማታ ለፈረቃ ልወጣ ስል፣
የሸሚዜ ቁልፍ ከጣቴ ሲሾልክ፣ ደግሞ ሲሾልክ፣
ከበሩ ቆማ አየችኝ፤ ቀረበች።
«ቆይ አባዬ፣ አንተ ገና ነህ» አለች።
ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣
ከታች ወደ ላይ፣ ሳትቸኩል፣ ሁሉንም ቆለፈች፣
አንድ ቀዳዳ ስታ።
አንገቴ ስር አንድ ቁልፍ ያለ ቤቱ ቀረ።
እንደዚያው ለብሼው ሄድኩ፤
ከነጩ የሥራ ካፖርቴ ስር
ሌሊቱን ሙሉ እንደተዛነፈ አደረ።