መስመሩን ያላለፈ ድንጋይ

በረዶውን የማነጥፈው እኔ ነኝ።
ሰው ሳይነቃ፣ በሌሊት፣ ውሃ በጀርባዬ አዝዬ፣
ጠብ ጠብ እያደረግሁ የኋሊት የምሄድ፣
ድንጋዩ እንዲሮጥ፣ እንዳይይዘው መንገድ።
ፓይን ሪች እንዲህ ናት፤ ወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ፣
ጥቅምት ሲገባ፣ ምሽት ሲረዝም፣ ሰው ሁሉ እዚህ፤
ግማሹ ድንጋይ ሊያንሸራትት፣ መጥረጊያ ይዞ ሊሮጥ፣
ግማሹ የቤቱን ዝምታ ሸሽቶ፣ ቢራ ይዞ ሊቀመጥ።

ዘንድሮ ግን ምርጫ ነው።
አውቶቡስ መጣልን፣ ጎኑ ላይ ፈገግታ የተለጠፈ፣
እያንዳንዱ ጥርስ መስኮት የሚያህል፣ በመንገድ ጭቃ ያደፈ።
ከፈገግታው ሥር በር ተከፈተና ሎክሃርት ወረደ፣
እጅ ለእጅ፣ እጅ ለእጅ፣ በሰልፉ ነጎደ።
መርቪን ኦስትሉንድ፣ የፋብሪካውን ቦይለር ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቀ፣
መዳፉን ገልብጦ አየና ሳቀ፤
“እጄን ይዞ” አለ፣ “የጎረቤቴን ፊት አየ።
ሰላምታው ለኔ ነው፣ ዓይኑ ግን ከኔ ተለየ።”

“አንድ ልወርውር” አለ ሎክሃርት፣ ለኛ ሳይሆን ለካሜራው።
ሃያ ኪሎ ነው፤ እጀታውን አስያዝኩት፤ “ጉልበትህን” አልኩ “እጠፈው።”
ለቀቀው።
ሁለት ረዳቶቹ፣ ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ፣ ፊት ፊቱን ጠረጉ፣
ላብ እስኪያጠምቃቸው፣ እስኪንበረከኩ ተጉ፤
መንገድ ቢጠረግለት፣ ክንድ ካልገፋው ምን ያደርጋል?
ድንጋዩ ከመስመሩ ወዲህ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቆሟል።
ማንም አልሳቀም። አንዳንዴ አለመሳቅ ከሳቅ ይብሳል።

በሳምንቱ ክርክሩን ከፈትን፣ ከባንኮኒው በላይ።
ማዳም ቴሪዮ ስለ ቤት ኪራይ ስትናገር በፈረንሳይኛ፣
ሬዣን ላፍራምቧዝ አንገቱን ነቀነቀ፤ “ቋንቋዋስ የኛ፣
ግን ቀስ ብላ ነው የምታወራን፣ ለሕፃን እንደሚያወሩት።”
ወጣቱ ካልዌይ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ሲያዩት፣
“ደግሞ ይሄ ምን ሊያጥብ ነው?” አለች የመርቪን ሚስት።
ዳርሊን ዋባኖ ሰዓቷን ይዛ ነበር፣ ከወንዙ ማዶ የመጣች፣
አስራ አራት ዓመት የቧንቧ ውሃ ሳታፈላ ያልጠጣች።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆጠረች።
“ለኛ ውሃ” አለች “የደረሰው አርባ ሰከንድ ነው።
በአርባ ሰከንድ ሻይ እንኳ አይፈላም።”
ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

ጊሌን ቡርጎ ግን ዝም። ዝምታዋ ምርጫዋ አይደለም፤
ጉሮሮዋን ካንሰር ከወሰደው ሦስት ዓመት ሆነው፣
አፏ በአንገቷ ያንጠለጠለችው ነጭ ሰሌዳ ነው።
“አንቺስ?” ስላት ጻፈችልኝ፦
“ያን ቀን፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ አይተሃል?”

አይቻለሁ።
አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ
ሎክሃርት ተመለሰ፤ ብቻውን፣ ጫማውን አውልቆ፣
ያን ድንጋይ ጎንበስ ብሎ እየገፋ ከቦታው አደረሰ።
“በረዶህን አበላሸሁት?”
“አበላሽተኸዋል” አልኩት።
ሳቀ፤ ጥርስ የማይታይበት ሳቅ።
ይህን ለመርቪን ብነግረው “ማን ይቀርጽ ነበር?” ይለኛል፤
እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን ይበላኛል።
ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው።
ቀዳዳ ካልሲ ግን
የተዘጋብንን የማዋለጃ ክፍል አይከፍትም።

የምርጫው ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰለፍን።
ከፊቴ ጊሌን፦ ድምፅ የሌላት ሴት፣ ድምፅ ልትሰጥ።
“ስም?” ሲሏት ሰሌዳዋን ከፍ አደረገች፣
ከካርቶኑ ጀርባ ገብታ ብዙ ቆየች።
እርሳሱ ሲፋቅ ሰማሁት፤ አንድ ሰረዝ፣ ከዚያ ሌላ፣
ከሰው ሁሉ ሹክሹክታ ጎልቶ።
ተራዬ ሲደርስ እርሳሱ ገና ከእጇ ሙቀት ነበረው።

“ማንን?” አልኳት ደጅ ላይ፣ ነውር መሆኑን እያወቅሁ።
ጻፈች።
ሳላነበው በእጅጌዋ ጠረገችው።

ሌሊት ሬዲዮው አሸናፊውን ሲናገር የማቀዝቀዣው ሞተር ጮኸ፣
አልሰማሁም፣ መልሼም አልጠየቅሁ።
ውሃዬን አዝዬ የኋሊት ሄድኩ።
የዚያ አዲስ ጫማ ጭረት ከመስመሩ ወዲህ አለ፤
ባጠጣሁት ቁጥር ይሸፈናል እንጂ
አይጠፋም።