ግልባጭ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን።
እማዬ በረንዳው ላይ ሆና፣ «ይሄ የማን ቤት ነው? መቼ መጣን?»
«አራት ዓመት ሆነን» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤
እንደ እንግዳ ቁጥብ ብላ «ቤቱ ያምራል» አለችኝ።

ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦ «መዝገብ ቤቱ አንድ አይደለም፤
የኖሩት ሌላ፣ ያወቁት ሌላ፣ እጅ የለመደው ሌላ ነው፤
አንዱ ሲቃጠል ሌላው አብሮ አይነድም።»

ያወቀችው አለ።
ጳጉሜ በስንት ዓመቷ ስድስት እንደምትሆን፣
የጋና ዋና ከተማ አክራ እንደሆን፣
«ክቡር» ለማን፣ «ክቡርነትዎ» ለማን።
ማን ነገረሽ? መቼ? ስላት
ትከሻዋን ትሰብቃለች።

የኖረችው ነው የሄደ።
የአባዬ ቀብር፣ የዚያን ቀን ዶፍ፣ የተገለበጠው ድንኳን፣
ካዛንቺስ የፈረሰው ቤት፣ በሩን ቀለም የቀባንበት ቀን።
አንዴ እውነቱን ነገርኳት፤ እንደ አዲስ መርዶ አለቀሰች፤
ራት ላይ ረስታው «በላቸው ዘገየ፣ አይደል?» አለች።
ከዚያ ወዲህ «ወሊሶ ሄዷል» ነው መልሴ፤
ውሸቱን የለመደው ግን እኔው ነኝ፣ ራሴ።

ከደረጃው ሦስተኛው እርከን ላይ ወድቃ እንደነበር አታውቅም፤
እዚያ ስትደርስ ግን እጇ ብረቱን ሳይጨብጥ አያልፍም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ የላስቲክ ጠረጴዛው ላይ፣
ጣቶቿ ይነሣሉ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት የጽሕፈት መኪና የመቱ ጣቶች፤
መጀመሪያ ፊደሉን፣ ቀጥሎ የካዕቡን ቅጥያ፣ የኃምሱን ቀለበት፣
የብይኑን፣ የይግባኙን፣ የውርሱን ዶሴ፣ ያለ አንድ ስሕተት።
መስመር ሲሞላ ደወል ትሰማለች፤ እኔ አልሰማም፤
ግራ እጇ የሌለውን ብረት ገፍቶ ይመለሳል፤ አይታክትም።

ትናንት ማታ እጄን ከጣቶቿ ሥር ዘረጋሁ።
መታችበት፤ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየፈጠነች።
«ምን ጻፍሽ?»
«ደብዳቤ ነዋ።»
«ለማን?»
ጣቶቿ ቆሙ። ጨለማው ውስጥ አሰበች።
«ዋናው ለማን እንደሆነ እንጃ። ግልባጩ ግን ላንቺ ነው» አለች።

እጄን ሳልታጠብ አደርኩ።
ለነገሩ፣
ውሃም አልነበረም።